ክርክር፦ ሰዓት እላፊ የመጠጥ ቤት ማስጌጫ ሊሆን ይገባልን?

መነሻውን ያቀረቡት ነዋሪ፦ ከአያት የባቡር መድረሻ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለው ሕንፃ ምድር ቤት አንድ የኮክቴል ባር መከፈቱን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። በውጭ ምንም ጽሑፍ የለውም፤ የሚገባውም በአንዲት ትንሽ ሱቅ መደርደሪያ ጀርባ ነው። ውስጡ የደርግ ዘመን ሰዓት እላፊን እንዲያስታውስ ተደርጎ ተዘጋጅቷል፦ የግድግዳው ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ ቆሟል፣ የመጠጥ ዝርዝሩ «ይለፍ» ይባላል፣ የሚገባ ሰው ሁሉ እጁ ላይ የቀበሌ የሚመስል ክብ ማኅተም ይመታበታል። ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ፣ ሙዚቃው የሸክላ ነው፤ ማማሩን አልክድም። የእኔ ጥያቄ ይህ ጭብጥ ለመዝናኛ ይገባል ወይ የሚል ነው።

የብሎኩ ነባር ነዋሪ፣ እናት፦ አይገባም። ታላቅ ወንድሜ በ1970 ዓ.ም. በሰዓት እላፊ ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። በዚያ ዘመን የልጃቸውን አስከሬን ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ የተጠየቁ ወላጆች ነበሩ። መስቀል አደባባይ አጠገብ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የተሠራው እኮ ይህ እንዳይረሳ ነው። ማኅተምና ይለፍ ለእኛ ጌጥ አይደለም፤ ልጆቼ ሎሚ በተሰካበት ብርጭቆ ሲስቁበት ማየት አልፈልግም።

ጡረታ የወጡ የሳክስፎን ተጫዋች፦ እትዬ፣ ሐዘንዎ ሐዘኔ ነው፤ ነገር ግን የዚያ ዘመን ሌሊት ሌላም ገጽታ እንደነበረው እንድመሰክር ቢፈቅዱልኝ ደስ ይለኛል። ከእኩለ ሌሊት በፊት ወደ ቤቱ ያልደረሰ ሰው በጭፈራ ቤቱ ውስጥ እስኪነጋ ይዘጋበት ስለነበር፣ እኛም ወደድንም ጠላንም እስከ ንጋት እንጫወት ነበር። ሰው በውጭ ጥበቃው ሲያፏጭ እየሰማ በውስጥ ይጨፍር ነበር፤ ፍርሃቱና ጭፈራው አንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። ስለዚህ የቆመው ሰዓትና የሸክላው ሙዚቃ ውሸት አይደሉም። ማኅተሙ ግን የጨፋሪው ሳይሆን የጠባቂው ዕቃ ነውና ይነሳ።

የታሪክ መምህር፦ ለእኔ የሚከብደው ድብቁ በር ነው። እንዲህ ዓይነት ቤት የመጣው ከአሜሪካ ሲሆን፣ እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 የአልኮል ሽያጭ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተከልክሎ ስለነበር መጠጥ ሻጩ የሚደበቅበት ምክንያት ነበረው። በእኛ አገር ግን ጠጅ ቤቱም ጠላ ቤቱም በር ከፍቶ ኖሯል፤ ጠላ ለመሸጥ ጣሳ በእንጨት ላይ መድፋት ይበቃ ነበር። እዚህ የተከለከለው መጠጥ ሳይሆን መንገድ ላይ መገኘት ስለነበር፣ ከውጭ የተዋስነው በር ለራሳችን ታሪክ አይገጥምም።

የባሩ አሳላፊ፦ ክርክሩን በአክብሮት እያነበብኩ ነው። በሩን ለውበት እንጂ ለመደበቅ እንዳልሠራነው፣ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረትም ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንደማንሸጥ ይታወቅልን። መጠጡም የእኛው ነው፦ ጠጅን ከሎሚና ከጤና አዳም ጋር፣ አረቄን ከኮረሪማና ከማር ጋር እናዋህዳለን፤ የጌሾው ምሬት ከውጭ በሚገባው መራራ ቅመም ፋንታ ያገለግላል። ስለ ማኅተሙ እናታችን የተናገሩትን ለባለቤቱ አደርሳለሁ፤ እኔ ራሴ በዚያ ዘመን አልተወለድኩም፤ ምን ማለት እንደሆነም ሳልጠይቅ ስመታ ከርሜያለሁ።

መነሻውን ያቀረቡት ነዋሪ፦ ይህን ማመንህ ያስመሰግንሃል። ይሁንና ያሳሰበኝም ይኸው ነው፤ መቺው የማያውቀውን ማኅተም ተመቺው ከየት ያውቀዋል? ማብራሪያ ሳይኖር የቀረበ ጭብጥ ማስታወሻ ሊሆን አይችልም።

የሕንፃ መሐንዲስ፦ ስለ ትዝታው ሌሎች ይናገሩ፤ እኔ ስለ ወለሉ ልጠይቅ። ይህ ምድር ቤት በፕላኑ ላይ የመኪና ማቆሚያ ነው፤ መኪኖቻችን ዛሬ መንገድ ዳር የሚያድሩት ለዚህ ነው። የባሰው ግን መውጫው ነው። ጥር 2007 ዓ.ም. በጣይቱ ሆቴል የተነሳው እሳት የጃዝአምባን አዳራሽ እንዳወደመው እናስታውሳለን፤ እሱ እንኳን ከመሬት በላይ ነበር። ምድር ቤት ውስጥ ጭስ የሚወጣው ሰው በሚሸሽበት ደረጃ ነው። ከመደርደሪያው ጀርባ ካለው በር ሌላ መውጫ አላችሁ?

የባሩ አሳላፊ፦ አለ። ወደ መኪና ማቆሚያው የሚያወጣ የብረት በር አለን፤ ሌባ እንዳይገባ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ በቁልፍ እንዘጋዋለን።

የሕንፃ መሐንዲስ፦ ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?

የባሩ አሳላፊ፦ ከጥበቃው ዘንድ፣ በውጭ በኩል።

ጡረታ የወጡ የሳክስፎን ተጫዋች፦ ልጄ፣ ዛሬውኑ ያን በር ከውስጥ ያለ ቁልፍ እንዲከፈት አድርጉት። እኛን ሲዘጉብን ቢያንስ መስኮት ነበረን።