ክርክር፦ ለአየር ንብረት ለውጥ የኃይል ቁጠባ ይቅደም ወይስ አዲስ የኃይል ምንጭ?

አወያይ፦ እ.ኤ.አ. በ2023 ዱባይ ላይ በተካሄደው 28ኛው የአየር ንብረት ጉባኤ፣ እስከ 2030 የዓለም የታዳሽ ኃይል አቅም ሦስት እጥፍ እንዲሆን፣ የኃይል አጠቃቀም ብቃት የሚሻሻልበት ዓመታዊ ፍጥነትም በእጥፍ እንዲጨምር ስምምነት ላይ ተደርሷል። በጀት ሲያጥር የትኛው ይቅደም? በቁጥር ተከራከሩ።

የፓምፕ መሐንዲስ፦ ቁጠባው ይቅደም። ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ለከፍተኛው ፍላጎት ነው፤ ከዚያ ትርፉን ፍሰት በቫልቭ አንቀው ያሠሩታል። ሞተሩ በሙሉ ፍጥነት ይዞራል፣ ኤሌክትሪኩ ግን ቫልቩ ላይ ይባክናል። ቫልቩን ከፍተን በፍጥነት መቆጣጠሪያ ዙሩን ወደ 80 በመቶ ብናወርደው ፍሰቱ በ20 በመቶ ብቻ ይቀንሳል፤ የሚፈለገው ኃይል ግን 0.8 × 0.8 × 0.8፣ ማለትም ወደ 51 በመቶ ይወርዳል። ይህ መሣሪያ ዛሬ ገበያ ላይ አለ፤ ምንም ግኝት አንጠብቅም።

ኢኮኖሚስት፦ ስሌቱን አልክድም። ግን ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ በ1865 ያነሳው ነገር ዛሬም አለ፤ የእንፋሎት ሞተር ከሰል ቆጣቢ እየሆነ ሲሄድ ሥራው ረከሰ፣ ሞተሩ በየቦታው ገባ፣ ጠቅላላው የከሰል ፍጆታ ጨመረ። የጠብታ መስኖንም እዩት፦ በሄክታር ሲሰላ ውኃ ይቆጥባል፣ በተረፈው ውኃ ግን ተጨማሪ መሬት ይለማበትና ፓምፑ እንደ ድሮው ሲሠራ ይውላል። በዚያ ላይ ቁጠባ ልቀትን ይቀንሳል እንጂ ዜሮ አያደርስም። ገንዘቡ ለፀሐይ፣ ለነፋስና ለባትሪ ይዋል።

የፓምፕ መሐንዲስ፦ የመስኖው ምሳሌ ትክክል ነው፤ ለሁሉም ግን አይሠራም። በሕንፃ ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ የሚያዘዋውር ፓምፕ ኤሌክትሪክ ስለረከሰ ብቻ ብዙ ውኃ አያዞርም። ደግሞም ለ10 ሰዓት የሚሠራ 100 ኪሎዋት ጭነት 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ይፈልጋል፤ ጭነቱ 51 ኪሎዋት ከሆነ 510 ይበቃዋል። አንተ የምትፈልገው ባትሪ በግማሽ የሚረክሰው በእኔ ቁጠባ ነው።

የጥገና ባለሙያ፦ መሐንዲስ፣ ያ 51 በመቶ ብዙ ሰው እያሳሳተ ነው። የኩቡ ሕግ፣ ማለትም ዙሩን ሦስት ጊዜ በራሱ ያባዛህበት ስሌት፣ በደንብ የሚሠራው የፓምፑ ሸክም የቧንቧ ሰበቃ ብቻ ሲሆን ነው። ውኃ ሽቅብ ወደ ታንከር የሚገፋ ፓምፕ ሌላ ነው። ፍሰት በሌለበት እስከ 50 ሜትር የሚገፋ ፓምፕ ዙሩ 80 በመቶ ሲሆን ግፊቱ 0.8 × 0.8 ስለሚሆን ወደ 32 ሜትር ይወርዳል። ታንከሩ 40 ሜትር ላይ ከሆነ ጠብታ አይደርስም፤ ፓምፑ የያዘውን ውኃ እዚያው እየናጠ ያሞቀዋል፣ የዘንጉ ውኃ ማሸጊያም (ሲል) ይቃጠላል። እንዲህ ባለ ቦታ መፍትሔው ኢምፔለሩን (በፓምፑ ውስጥ እየዞረ ውኃውን የሚገፋውን ክፍል) በልኩ ማስጠረብ ወይም አነስተኛ ፓምፕ መግዛት ነው። ሌላም አለ፦ መቆጣጠሪያው የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ በሞተሩ ዘንግ በኩል ወደ መሬት መውጫ ሲፈልግ ኩሽኔታውን ይበላዋል። በተለይ በትልልቅ ሞተሮች ላይ የዘንግ መሬት ማስያዣ ቀለበት ወይም ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ኩሽኔታ ካልተገጠመ፣ የተቆጠበው ገንዘብ ለጥገና ይሄዳል።

የማቀዝቀዣ ባለሙያ፦ ሙቀት ፓምፕ፣ ማለትም ከውጭ ሙቀት ስቦ ወደ ቤት የሚያስገባ ማሽን፣ በ1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ውጭው በጣም ሲቀዘቅዝ ይህ ይቀንሳል። ይህ ፈጠራም ቁጠባም ነው፤ ስለዚህ የሁለታችሁ ጠብ እዚህ ቦታ የለውም። የሚያሳስበኝ ገጠማው ነው። በብዙ ማሽኖች ውስጥ ሙቀቱን የሚያጓጉዘው አር-410ኤ የተባለ ጋዝ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,000 ጊዜ በላይ ያሞቃል፤ 1 ኪሎ ሲያመልጥ ከ2 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደማምለጥ ማለት ነው። የ2016ቱ የኪጋሊ ማሻሻያ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እነዚህን ጋዞች ደረጃ በደረጃ ያስቀንሳል። በምትካቸው የሚገባው ፕሮፔን ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ነው፣ ግን ተቀጣጣይ ስለሆነ መጠኑና የክፍሉ አየር ዝውውር መጠበቅ አለበት። ገጣሚው መስመሩን በናይትሮጅን ይፈትሽ፤ ከዚያ አየሩን መጥጦ ቫኪዩሙን ከ500 ማይክሮን (እጅግ አነስተኛ የግፊት መለኪያ) በታች አውርዶ፣ ቫልቩን ዘግቶ ጌጁን ይመልከት። ንባቡ ሳያቋርጥ ከወጣ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ ጥቂት ወጥቶ ከቆመ እርጥበት ቀርቷል። እርጥበት ከዘይቱ ጋር አሲድ ይፈጥርና ኮምፕረሰሩን ይገድላል። ይህን በ10 ደቂቃ ጨርሻለሁ የሚልን ገጣሚ አትመኑ።

ኢኮኖሚስት፦ ታዲያ ቁጠባው መገኘቱን ማን ያረጋግጣል? በወረቀት የተቆጠበ ኃይል ልቀት አይቀንስም።

የጥገና ባለሙያ፦ ቆጣሪ። ሥራው ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ፣ ጭነቱ ተመሳሳይ በሆነበት ወቅት፣ ለአንድ ሜትር ኪዩብ ውኃ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደወጣ ይመዝገብ። የሞተሩ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው ዋት የሚሠራ ስሌት ዋጋ የለውም፤ ሞተሩ በግማሽ ጭነት ሊሠራ ይችላል። ክፍያውም በዚህ ንባብ ይታሰር።

ኢኮኖሚስት፦ በዚያ ከተለካ ለሕንፃና ለፋብሪካ ቁጠባው ይቅደም፣ እስማማለሁ። ለመስኖ ግን የተሳበው ጠቅላላ ውኃም አብሮ ይለካና ጣሪያ ይኑረው። ያለዚያ በሜትር ኪዩብ የተገኘውን ቅናሽ የተጨመረው ማሳ ይበላዋል፤ እዚያ ላይ አቋሜን አልቀየርኩም።