5ኤል ሞተር ወርዷል፣ የቴስታና የቢዬላ ቡሎን ልቀይር ወይስ አሮጌውን ልመልስ?

የሙጋድ ልጅ፦
ሰላም ጀማዓ እንዴት ናችሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ዶልፊን አለኝ፣ ሞተሩ 5ኤል የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ነው። ጭሱ በዝቶ ዘይትም መብላት ሲጀምር አወረድነው፣ አሁን ሲሊንደሩ ቦር ተደርጎ (በማሽን ሰፍቶ) ኮሎውም (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ተሞርዶ ከቶርኖ ቤት ተመልሷል፣ ፒስተን ከነፋሻው፣ ብሮንዚን፣ ሙሉ ጋስኬት ገዝቻለሁ። የቸገረኝ የቴስታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው የሞተሩ ራስ) እና የቢዬላው (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ዘንግ) ቡሎን ነው። መካኒኬ «በናፍጣ እጠበው፣ ጥርሱ ካልተበላ ይመለሳል፣ ስንቱን ሞተር እንዲህ አስሬ ሸኝቻለሁ» ይለኛል። ዱባይ ያለው ያክስቴ ልጅ ደሞ ኤአርፒ የሚባል የውድድር መኪና ቡሎን እልክልሃለሁ፣ አንዴ ካሰርከው እርሳው አለኝ። መለዋወጫ ሱቅ ስጠይቅ ኦሪጅናል ግዛ ይሉኛል፣ 18 የቴስታ 8 የቢዬላ ሲደመር ቀላል ብር አይደለም። የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ።

ሼባው፦
ልጄ መካኒክህን አትቆጣው፣ ከኛ የወረሰውን ነው የነገረህ። በኤንትሬ፣ በድሮው ፊያት ጭነት መኪና ዘመን እኛ ቡሎን እንቀይር ብሎ ያሰበም የለ፣ ቡሎኑ ወፍራም ነው፣ በኪሎ ማለትም በማሰሪያው ኃይል ልክ ብቻ ይታሰራል፣ ሲፈታም ወደ ልኩ ይመለሳል። ያንተ ሞተር ግን በዲግሪ የሚታሰር ነው። በዲግሪ የሚታሰር ቡሎን በናፍጣ ታጥቦ ቢያብረቀርቅ ስለ ጤናው ምንም አይነግርህም። ዝርዝሩን ልጆቹ ይንገሩህ፣ እኔ በስልክ መጻፍ ይደክመኛል።

ቶርኖ ቤት፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። 5ኤል ላይ ቴስታው መጀመሪያ በ8 ኪሎ ማለትም በ78 ኒውተን ሜትር ይታሰርና ከዛ 90 ዲግሪ፣ እንደገና 90 ዲግሪ ይዞራል። ያ የዲግሪው ዙር ቡሎኑን ሆን ብሎ ይለጥጠዋል፣ 18ቱም እኩል እንዲነክሱ ተብሎ ነው፣ ግን እንደ ሱሪ ላስቲክ ሲፈታ ሙሉ በሙሉ ወደ ድሮው አይመለስም። ትንሽ ይረዝማል፣ ወገቡም ይቀጥናል። ብዙ የአውሮፓ አምራቾች አንዴ ከተፈታ ጣለው ነው የሚሉት፣ ቶዮታ ግን ለብዙ ሞተሮቹ ለክተህ ወስን ይላል፣ ልኩም ማኑዋሉ ላይ አለ። ስለዚህ ካሊፐር ይዘህ ቀጭኑን ቦታ ለካው፣ ርዝመቱንም ለካው፣ 18ቱንም እርስ በርስ አወዳድር፣ አንዱ ከጓደኞቹ ከረዘመ ወይ ከቀጠነ እሱ አልቋል። ካሊፐር ከሌለህ ሁለት ቡሎን ጥርስ በጥርስ አጣብቀህ ወደ ብርሃን አንሳው፣ ጥርሱ ካልገጠመና በመሀል ብርሃን ካለፈ ተለጥጧል።

የቢዬላው ላይ ግን ድርድር የለም፣ ቀይረው። ሰው የቢዬላ ቡሎን የሚበጠሰው ሞተሩ ዳገት ላይ ሲጎትት ይመስለዋል፣ አይደለም። ፒስተኑ ጭሱን አስወጥቶ ጫፍ ደርሶ ተመልሶ ወደ ታች ሲሳብ ነው፣ ያኔ ከላይ የሚገፋው ነገር የለም፣ ፒስተኑም ቢዬላውም በቡሎኑ ላይ ይንጠለጠላሉ፣ ያ ኃይል ደሞ ዙሩ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ አስበው፣ ሹፌሩ ፍሬን እንዳይግልበት ሁለተኛ ማርሽ ይከታል፣ ሰው ሞልቷል፣ ጎማው ሞተሩን ይነዳዋል፣ ፓምፑ ናፍጣ ቢዘጋም ዙሩን መያዝ አይችልም። የላላ ወይ የተለጠጠ ቡሎን እዛች ጋ ነው የሚሄደው፣ ቢዬላውም ብሎኩን በስቶ ይወጣል፣ ከዛ ወዲያ ስለ ቡሎን ዋጋ አታወራም።

ደሞ ማንም የማያነሳት ነገር አለች። ቁልፉን ከምትስብበት ኃይል 90 በመቶ አካባቢውን የሚበላው ጥርሱና ራሱ ስር ያለው ፍትጊያ ነው፣ ቡሎኑን የሚወጥረው ቀሪው 10 በመቶ ብቻ። ዝገት ወይ አሮጌ ጥላሸት ካለ ቁልፉ 8 ኪሎ ደረሰ ይልሃል፣ ቴስታው ግን አልተነከሰም። ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ አጽዳ፣ ቀጭን የሞተር ዘይት ጥርሱና ራሱ ስር ቀባ፣ ግሪስ እንዳታደርግ፣ ግሪሱ ከልክ በላይ ያስወጥረዋል። የብሎኩን ቀዳዳ በኮምፕሬሰር ንፋው፣ ውስጡ ዘይት ወይ ውሃ ተኝቶ ቡሎን ካስገባህ ፈሳሽ አይታመቅምና ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላል። በጥርስ ማውጫም አትቁረጠው፣ ብረት ይበላል።

የካርተር (የዘይት ገንዳው)፣ የታይሚንግ ሽፋን፣ የውሃ ፓምፕ ቡሎን እጠብና መልስ፣ እዛ ላይ ብር አታባክን። የኮሎው ክዳን ቡሎንም ማኑዋሉ ዲግሪ ካልጠየቀበትና ጥርሱ ደህና ከሆነ ይመለሳል።

ቦርከና፦
ጥሩ ብለሃል ግን ቀይር ስትሉት ምን አግኝቶ ነው የሚቀይረው? እኔ እዚህ ኮምቦልቻ የቴስታ ቡሎን ኦሪጅናል ነው ተብሎ ገዛሁ፣ ካርቶኑም ምልክቱም ቆንጆ ነው፣ ከአሮጌው ጎን ሳስቀምጠው ግን ጥርሱ ሻካራ፣ ራሱ ላይ ያለው ጽሑፍ የደበዘዘ፣ ሁለተኛው 90 ላይ ስንደርስ ዝም ብሎ እየለሰለሰ ይዞራል እንጂ አይጠብቅም። አውጥተን ጣልነውና አሮጌውን ለክተን መለስነው፣ ይኸው ባቲ ሚሌ በዛ ሙቀት እየተመላለሰ ነው። ወላሂ እኔ ተለክቶ ያለፈ አሮጌ ኦሪጅናል ከአዲስ ፎርጅድ ይሻለኛል።

ቶርኖ ቤት፦
@ቦርከና እስማማለሁ፣ ለቴስታው። ለቢዬላው ግን ኦሪጅናል እስኪገኝ አዲስ አበባም ቢሆን አስፈልጎ መጠበቅ ይሻላል እላለሁ፣ ሞተሩ እንደሆነ ወርዷል።

የጦሳ ንፋስ፦
ለምን ከብረታ ብረት ሱቅ 12.9 የተጻፈበት ቡሎን አይገዛም? ጠንካራው እሱ ነው ይባላል

ቶርኖ ቤት፦
ጠንካራ መሆኑ እውነት ነው። 10.9 ማለት እስከ 1000 ሜጋፓስካል ይችላል፣ በዛ 90 በመቶ ላይ መለጠጥ ይጀምራል ማለት ነው፣ 12.9 ደሞ 1200። ግን ያ 90 ዲግሪ የተሰላው ለዛ ለራሱ ቡሎን ርዝመት፣ ውፍረትና ብረት ነው፣ ሌላ ቡሎን ላይ ያንኑ ዲግሪ ስታዞር ምን ያህል እንደወጠርክ አታውቀውም። የጄኔሬተር መያዣ ላይ ተጠቀምበት፣ ሞተር ውስጥ አይሆንም።

የሙጋድ ልጅ፦
አላህ ይስጣችሁ። የዱባዩ ልጅ ግን አሁንም እየደወለ ነው፣ ኤአርፒውን እምቢ ልበለው?

ቶርኖ ቤት፦
ኤአርፒ በፈረንጆች ከ1968 ጀምሮ ያለ የአሜሪካ ድርጅት ነው፣ ጥራቱን ማንም አይነካበትም። ችግሩ ወጪው ቡሎኑ ላይ አለማቆሙ ነው። የቢዬላ ቡሎን በጠንካራ ስትቀይር ንክሻው ስለሚለወጥ የቢዬላው ትልቁ ቀዳዳ ክብነቱን ሊያጣ ይችላል፣ እንደገና መለካትና መሞረድ አለበት፣ የኮሎው ክዳን ላይም እንደዛው። የቴስታው ንክሻ ሲጨምር ደሞ ሲሊንደሩን አፉ ጋ ያጣምመዋል፣ ለዛ ነው የውድድር ሞተር ሰሪዎች ብሎኩ ላይ ወፍራም ብረት አስረው ቦር የሚያደርጉት፣ ያንተ እንደዛ አልተቦረም፣ ቦሩም አልቋል። ቱርቦ የለህ፣ ዙር አልጨመርክ፣ ለምን ብለህ? ይልቅ እሱ ብር ማውጣት ከፈለገ ደህና ቶርክ ቁልፍ፣ የማሰሪያውን ኃይል የሚለካውን፣ ይላክልህ።

ሼባው፦
ይኸ ነው ቁም ነገሩ፣ ቁልፉን አስልክ

የሙጋድ ልጅ፦
አብሽሩ ቁልፉን አስልካለሁ 😂 የቢዬላውን 8 አዲስ፣ የቴስታውን ነገ እለካለሁ፣ ያላለፈውን ብቻ እቀይራለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ መካኒኬ የዲግሪ መለኪያ የለውም፣ 90ውን በምን ይወቅ?

ቶርኖ ቤት፦
መለኪያ አያስፈልግም፣ 90 ማለት ሩብ ዙር ነው። 78ቱን ከመሀል ጀምራችሁ ወደ ዳር እየሄዳችሁ አንድ ሁለት ጊዜ ከፋፍላችሁ ጨርሱ። ከዛ እያንዳንዱ ቡሎን ራስ ላይ ወደ መኪናው ፊት በሚያየው በኩል በነጭ ቀለም ነጥብ አድርጉ፣ በዛው ቅደም ተከተል አንድ ሩብ፣ ሁሉም ሲያልቅ ሌላ ሩብ። ሲጨርስ 18ቱም ነጥብ ወደ ኋላ ማየት አለበት፣ ወደ ጎን የሚያይ ካለ ያኛው ተዘሏል።