በተወጠረ ክር ትራውት ስናጠምድ ኒምፉ ምን ያህል ይክበድ?

ድንጋይ ለድንጋይ፦
ሰላም ጓዶች። ተንሳፋፊ ሳልጠቀም፣ ከዘንጉ ጫፍ እስከ ኒምፉ (ውኃ ውስጥ የሚኖር ነፍሳት መስሎ መንጠቆ ላይ የሚሠራው ማጥመጃ) ያለውን ቀጭን ክር ወጠር አድርጌ ትራውት ማጥመድ ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። ዘዴውን ወድጄዋለሁ። ክብደቱ ላይ ግን ግራ ገብቶኛል። ሳጥኔ ውስጥ ያሉት ኒምፎች ክብደት በሚሰጣቸው የብረት ዶቃ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ባለ 2.5 ሚሊሜትር ዶቃና ባለ 3.5። ጉልበት በሚደርስ ፈጣን ውኃ ውስጥ ትንሹ መሬት ሳይደርስ ያልፋል። ትልቁን ሳስር ደግሞ ወዲያው ድንጋይ መሀል ገብቶ ይቀረቀራል። መካከለኛ ነገር የለም? ደግሞስ መጀመሪያ የሚመረጠው የቱ ነው፣ የኒምፉ ዓይነት ወይስ ክብደቱ? በአሠራራቸው ደግሞ ፌዛንት ቴል አለኝ፣ ሄርስ ኢር አለኝ፣ ፐርዲጎን አለኝ። የቱን መቼ እንደማስር አላውቅም።

ወራጅ ውኃ፦
ወንድሜ፣ መካከለኛ አለ፤ ሳጥንህ ውስጥ ግን የለም። ከ2.5 ወደ 3.5 ስትሄድ አንድ ሚሊሜትር ብቻ የጨመርክ ይመስላል። ዶቃ ክብ ነገር ነው፤ ስፋቱ ትንሽ ሲጨምር ክብደቱ በብዙ ያድጋል። ባለ 3.5ቱ የባለ 2.5ቱን ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ባለ 4 ሚሊሜትሩማ የባለ 2ቱን ስምንት እጥፍ ነው። ስለዚህ 2.8 እና 3.2 ጨምር። አብዛኛውን ቀን የምታጠምደው በእነሱ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ትንሹ ዶቃ ታንግስተን ነው ወይስ ናስ? ቀለም ከተቀቡ በዓይን አይለዩም። ንጹሕ ታንግስተን በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 19.3 ግራም ይመዝናል፤ ናስ ወደ 8.5 አካባቢ ነው። መጠናቸው እኩል ሆኖ አንዱ ከሌላው ከእጥፍ በላይ ይከብዳል ማለት ነው። ትንሽ ሚዛን ካለህ መዝናቸው።

የሚቀድመው ክብደቱ ነው። በዚህ አልደራደርም። ወንዝ ላዩና ታቹ እኩል አይሄድም። ድንጋዩና ጠጠሩ የታችኛውን ውኃ ይይዘዋል፤ ላዩ ግን ይሮጣል። ትራውት ጉልበቱን ላለመጨረስ እዚያ ዝግ ያለው ውኃ ውስጥ ይቆማል፤ ምግቡም በዚያው ፍጥነት ይመጣለታል። የክብደት ሥራው ኒምፉን ፈጣኑን ውኃ አሻግሮ እዚያ ማድረስ ነው። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ክብደት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ኒምፉ ከውኃው ጋር መጓዙን ትቶ መሬት ለመሬት ይጎተታል።

ደርሶ እንደሆነ እንዴት ታውቃለህ? ባለቀለሙን ጠቋሚ ክርህን አትመልከተው ብቻ፣ አጠገቡ ከምትሄደው አረፋ ጋር አስተያየው። ከአረፋዋ እኩል የሚሮጥ ከሆነ ኒምፍህ ገና ላይ ነው። አረፋዋ ጥላው መሄድ ስትጀምር፣ ጠቋሚውም ቀስ ሲል፣ ያኔ ታች ገብቷል። እኔ ዓይኔን ከዚያች አረፋ አላነሳም። ውርወራው ገና ሳያልቅ ክብደቱ ልክ መሆን አለመሆኑን ትነግርሃለች። በየውርወራው ድንጋይ የምትነካ ከሆነ ከብዷል። አልፎ አልፎ ጠጠር ነክቶ ካለፈ ጥሩ ነው፣ ክብደቱን አትንካው።

ዶቃ ከመቀየርህ በፊት ግን ክርህን እይ። 0.18 ሚሊሜትር ክር ካሰርክ ውኃው ይዞት ይሄዳል፤ ኒምፉንም ወደ ላይ ያነሳዋል። ወደ 0.12 ስትወርድ ያው ኒምፍ ቶሎ ይሰምጣል። ወደ ወንዙ ላይኛው በኩል አርቀህ ጣለው፤ ለመስመጥ ጊዜ ያገኛል።

ስለ ዓይነቱ ደግሞ፣ ዓይነትም ራሱ ክብደት ነው። ፐርዲጎን ገላው ቀጭንና ለስላሳ ነው፤ ላዩ በሬዚን (ሲደርቅ በሚጠነክር ለስላሳ ሙጫ) ይሸፈናል፣ እንደ ጥይት ይወርዳል። ሄርስ ኢር ጸጉራም ስለሆነ በዚያው ዶቃ ቀስ ብሎ ይሰምጣል። ለፈጣንና ጠባብ ጉድጓድ ፐርዲጎን፣ ዝግ ላለና ጥልቀት ለሌለው ውኃ ሄርስ ኢር። ፌዛንት ቴልን የሠራው እንግሊዛዊው ፍራንክ ሶየር ገላውን ያሰረው በክር ሳይሆን በቀጭን የመዳብ ሽቦ ነበር። ያለ ዶቃም ክብደት ይገኛል ማለት ነው። የእርሳስ ሽቦ የሚጠቀልሉም አሉ። እኔ አልጠቀልልም፤ የውኃ ወፎች ሲውጡት ይመርዛቸዋል።

ሁለት መንጠቆ፦
ወራጅ ውኃ ባለው እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ሲቀር። ትራውት ሁልጊዜ መሬት ላይ አይቆምም። እውነተኛዎቹ የሜይፍላይ ኒምፎች (ውኃ ውስጥ የሚያድጉት የነፍሳቷ ልጆች) ለመፈልፈል ወደ ላይ መዋኘት ሲጀምሩ ዓሣውም ተከትሏቸው ከፍ ይላል። ያን ጊዜ ታች የሚጎተት ኒምፍ ከዓሣው በታች ያልፋል። እኔ ሁለት አስራለሁ። ከባዱ ታች፣ ቀላሉ ከሱ በላይ 50 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ። የትኛው እንደተያዘ ሳይ ዓሣው የት እንዳለ አውቃለሁ። ክብደት ስትቆጥር ግን የሁለቱን ድምር ነው። የምታጠምድበት ቦታ ሁለት መንጠቆ መፈቀዱንም አስቀድመህ አጣራ።

ድንጋይ ለድንጋይ፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁለታችሁንም። መዘንኳቸው፤ ትንሹ ናስ ነው! ሳጥኔ ውስጥ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከገመትኩት በላይ ሰፊ ነበር። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ 3.2ቱን 16 ቁጥር መንጠቆ ላይ ባደርገው ችግር አለው?

ወራጅ ውኃ፦
አታድርገው። ዶቃው የመንጠቆውን አፍ ይሞላዋል፤ ዓሣው ቢነክስም ጫፉ የሚገባበት ቦታ ያጣል። 16 ላይ ከ2.5 አትለፍ፣ ታንግስተን ይሁን እንጂ ይበቃሃል። 3.2ቱን 12 ወይም 14 ላይ አድርገው፤ ቁጥሩ ሲያንስ መንጠቆው ይተልቃል። አንገቱ የታጠፈውን የጂግ መንጠቆ ከስንጥቅ ዶቃ ጋር ውሰድ። ጫፉ ወደ ላይ ዞሮ ስለሚጓዝ ድንጋይ ላይ ተቀርቅሮ የሚቀርብህ ኒምፍ በጣም ይቀንሳል። መጀመሪያ ባለ 2.8ቱን እሰርና አረፋዋን እይ።