«እዚያው ከደረስኩ አይቀር»፦ ቪዛ ለማስመታት ድንበር ከመሻገራችሁ በፊት

ባለፈው ሰሞን አንዲት እህታችን ደወለችልኝ። አሜሪካ በኤች ዋን ቢ፣ ማለትም አሠሪ በሚጠይቅላት ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ፣ ነው የምትሠራው። «ጋሼ፣ ፓስፖርቴ ላይ ያለው ቪዛ ካለፈበት ቆይቷል። የአክስቴ ልጅ ቶሮንቶ ልታገባ ነው። እዚያው ከደረስኩ አይቀር አስመትቼው ብመለስስ?» አለችኝ። ልቤ ድንግጥ አለ። እኔም ከዓመታት በፊት ልክ እንደሷ ነበር ያሰብኩት።

በመጀመሪያ ብዙ ሰው የሚያምታታውን ነገር እናጥራ። ፓስፖርት ላይ የሚለጠፈው ቪዛ ለመግቢያ ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ እስከ መቼ መቆየት እንደምትችሉ የሚወስነው አይ 94 የሚባለው መዝገብ ነው። ቪዛው ቢያልፍበትም አይ 94 ካላለፈበትና ለተፈቀደላችሁ አሠሪ እየሠራችሁ ከሆነ ሕጋዊ ናችሁ። የኤች ዋን ቢ የመቆያ ፈቃድ በአንድ ጊዜ እስከ ሦስት ዓመት፣ በጠቅላላው አብዛኛውን ጊዜ እስከ ስድስት ዓመት ይሰጣል። ማራዘሚያውንም አሠሪያችሁ እናንተ ከአሜሪካ ሳትወጡ ይጠይቅላችኋል። ስለዚህ ካልተንቀሳቀሳችሁ ያለፈበት ቪዛ እንቅልፍ ሊነሳችሁ አይገባም። ጣጣው የሚጀምረው ስትወጡ ነው።

የኔን ላውጋችሁ። በፈረንጆቹ 2018 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። በተማሪ ቪዛ መጥቼ፣ ተመርቄ፣ ሥራ ይዤ፣ እዚያው አሜሪካ ውስጥ ሆኜ ወደ ኤች ዋን ቢ ተዛወርኩ። ወረቀቱ ጸደቀ፤ ፓስፖርቴ ላይ ግን የሥራ ቪዛ የለም። ያኔ ሁሉም የሚለው «ካናዳ ቅርብ ነው፣ በሦስት ቀን ጨርሰህ ትመለሳለህ» ነበር። መጀመሪያ የካናዳ ቪዛ አወጣሁ። ዲኤስ 160 የሚባለውን የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ ሞላሁ፣ 190 ዶላር ከፈልኩ፣ ቀጠሮ ያዝኩ። ለአራት ቀን የሚሆን ልብስ በአንድ ትንሽ ቦርሳ ይዤ ሄድኩ።

ኢንተርቪው አራት ደቂቃ አልሞላም። ምን እንደምሠራ፣ ምን እንደተማርኩ ተጠየቅሁ። ከዚያ በመስኮቱ ስር አንዲት ግማሽ ገጽ ወረቀት ተንሸራታ መጣች። ከላይ 221 (ጂ) ይላል። ከታች ከተደረደሩት ሳጥኖች በአንዱ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የራይት ምልክት ተደርጓል፤ ተጨማሪ ማጣራት ያስፈልጋል ማለት ነው። የሥራ ታሪኬን፣ የሄድኩባቸውን አገሮች ዝርዝርና የሥራዬን መግለጫ በኢሜይል እንድልክ ተነገረኝ። ስንት ቀን ይፈጃል ብዬ ብጠይቅ የሚነግረኝ አልነበረም።

41 ቀን ፈጀ።

ከመቆየቱ በላይ ያሳመመኝ በኋላ የተረዳሁት ነገር ነው። አሜሪካ አውቶማቲክ ሪቫሊዴሽን የሚባል ደንብ አላት። ወደ ካናዳ ወይም ሜክሲኮ ብቻ ከሄዳችሁ፣ ከ30 ቀን ካልበለጣችሁ፣ አይ 94 ካላለፈበትና ፈቃዳችሁን ካልጣሳችሁ፣ ባለፈበት ቪዛ መመለስ ትችላላችሁ። እንደኔ የመግቢያ ቪዛው የተማሪ ሆኖ፣ ኋላ ወደ ሥራ የተዛወረ ሰውንም ይጨምራል። እንግዲህ እኔ ለጉብኝት ብቻ ሄጄ ቢሆን ኖሮ በሦስተኛው ቀን ቤቴ እገባ ነበር። እዚያ ሆናችሁ አዲስ ቪዛ ከጠየቃችሁ ግን ይህ መብት የለም። ምላሹ እስኪመጣ መመለስ አይቻልም። ከተከለከላችሁም እንደዚያው። እስከ 2002 ድረስ ተከልክለውም በአሮጌው ወረቀት መመለስ ይቻል ነበር፤ ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ ደንቡ ጠበቀ።

ስለዚህ የቤት ኪራዬ አሜሪካ እየቆጠረ፣ መኪናዬ ኤርፖርት ቆሞ፣ እኔ በሰው አገር በተከራየሁት አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሸሚዝ እያፈራረቅሁ ሰነበትኩ። አለቃዬ ደግ ሰው ነበር፤ የድርጅቱ ሒሳብ ክፍል ግን ካናዳ ሆኜ እንድሠራ አልፈቀደም፤ በግብር ምክንያት። ያለ ክፍያ ፈቃድ ወሰድኩ። በየማለዳው ገና ዓይኔን ሳልገልጥ ስልኬን አንስቼ የጉዳዬን ቁጥር አስገባለሁ። ያኔ «በማጣራት ላይ» ይል ነበር። አሁን ለዚያው ዓይነት ጉዳይ «ተከልክሏል» የሚል ይወጣል። በሕጉ 221 (ጂ) እስኪቋጭ ድረስ እንደ ክልከላ ስለሚቆጠር ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ያንን ቃል ሲያይ ምን እንደሚሰማው አስቡት። እባካችሁ እንዲህ ምላሽ የሚጠብቅ ዘመድ ካላችሁ ይህን ንገሩት።

አሁን ደግሞ መንገዱ ራሱ ጠቧል። በሴፕቴምበር 6 ቀን 2025 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አዲስ መመሪያ አወጣ። የጊዜያዊ ቪዛ አመልካች ኢንተርቪው መያዝ ያለበት በዜግነት አገሩ ወይም በሚኖርበት አገር ነው። ካናዳ ትኖራላችሁ ማለት እዚያ የመኖሪያ ፈቃድ ይዛችሁ በማስረጃ ስታሳዩ ነው፤ የሆቴል አድራሻ አይሆንም። በሌላ አገር ቀጠሮ ይዞ የከፈለ ሰው ቪዛ ማግኘቱ ይከብደዋል፣ ገንዘቡም አይመለስለትም። መደበኛ የቪዛ አገልግሎት ለሌለባቸው አገሮች ዜጎች የተመደበ ቦታ አለ፦ ለሶማሊያና ለደቡብ ሱዳን ናይሮቢ፣ ለሱዳን ካይሮ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ፣ ሌላ አገር መኖሪያ የሌለው ሰው ግን አዲስ አበባ ነው የሚሄደው። ዛሬም «ካናዳ ቀላል ነው» የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ካጋጠማችሁ የሚያወራው ስለ ድሮው ነው።

ሌላም አለ። በጁላይ 2025 ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው ጊዜያዊ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ እንዲሆን ተደርጓል። ያ ሁሉ ወጪና ጭንቀት ለአንድ መግቢያ! በዚህ ምክንያት ያለፈበት ቪዛ የያዘ ወገናችን እየበዛ ነው የሚሄደው። ለዚህም ነው የ30 ቀኑን ደንብ ሁሉም እንዲያውቀው የምፈልገው።

አንድ ቁጭት ልጨምር። እስከ ጁላይ 2004 ድረስ ፓስፖርቱን ለአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ልኮ ቪዛውን እዚያው አሜሪካ ውስጥ ማሳደስ ይቻል ነበር። የጣት አሻራ ግዴታ ሲሆን ቀረ። በ2024 መጀመሪያ ለ20,000 ኤች ዋን ቢ ሠራተኞች እንደ ሙከራ ተከፍቶ ነበር፤ ግን ቀድሞ ቪዛቸውን ካናዳ ወይም ህንድ ላስመቱ ብቻ። አዲስ አበባ ያስመታ ሰው አልገባበትም። ይህ ነገር ለሁሉም ቢከፈት ስንት ሰው በሰው አገር ከመጉላላት ይድን ነበር።

ለእህታችን ያልኳት ይህን ነው። ሠርጉ ላይ ሂጂ፣ ቪዛ ግን አትጠይቂ። የካናዳ ቪዛሽን አስቀድመሽ አውጪ። (ሜክሲኮ የምትሄዱም ብትሆኑ ያለፈበት የአሜሪካ ቪዛ ያለ ሜክሲኮ ቪዛ አያስገባችሁም።) የሥራ ፈቃድሽ መጽደቁን የሚገልጸውን የአይ 797 ወረቀት ዋናውን፣ የታተመ አይ 94፣ የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀትና የአሠሪሽን ደብዳቤ ያዢ። የ30 ቀኑን ደንብ ራሱን፣ በአሜሪካ የፌዴራል ደንቦች መድብል 22 ሲኤፍአር 41.112 (ዲ) የሚባለውን፣ አትመሽ ያዢ፤ የአየር መንገድ ሠራተኞች ቪዛው አልፎበታል ብለው አናሳፍርሽም ሊሉሽ ይችላሉ። ከቶሮንቶ ስትበሪ አሜሪካዊውን መኮንን የምታገኚው እዚያው ቶሮንቶ ኤርፖርት ነው፤ ጥያቄ ካለ ገና ካናዳ ሆነሽ ነው የሚነሳው። ከተመቸሽ በመኪና ተሻገሪ። ፓስፖርትሽም መቼ እንደሚያልቅ እዪ። ፈቃድሽ ሦስት ዓመት ቢሆንም፣ መግቢያ ላይ አይ 94ን በፓስፖርቱ ማብቂያ ቀን ሊቆርጡት ይችላሉ። ሳያውቁት ጊዜው ያለፈባቸው ሰዎች አሉ።

ሄዳ ሠርጉን በላች። በአምስተኛው ቀን በመኪና ድንበሩ ላይ ደረሰች። መኮንኑ ፓስፖርቷን ገልጦ «ቪዛሽ አልፎበታል» አላት። ወረቀቶቹን ሰጠችው። «ካናዳ ቪዛ ጠይቀሻል?» «አልጠየቅሁም።» «ስንት ቀን ቆየሽ?» «አምስት።» ወረቀቱን መልሶ እለፊ አላት። ከድንበሩ ወዲህ ነዳጅ ማደያ ቆማ ደወለችልኝ። አይ 94ዋን በስልኳ ከፍታ ቀኑን አነበበችልኝ። አልተነካም።