የአያቴ የወፍጮ ሞተር የምን ሥሪት ነው? ይነሳስ ይሆን?

መንዝዬው (መሐል ሜዳ)

ሰላም ናችሁ? አያቴ ትተውት ያለፉት የወፍጮ ሞተር አለ። የመብራት ወፍጮ ከገባ ወዲህ ጓሮ ወጥቶ ቆርቆሮ ለብሶ ቀርቷል። የአጎቴ ልጅ ለቆራሌው በኪሎ ሊሸጠው ሲደራደር ደርሼ ነው ያስጣልኩት። አሁን «ካስጣልክ እስቲ አስነሳው» እያለ ይቀልድብኛል።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ ልወቅ። አንድ ሲሊንደር ነው፣ ቀጥ ብሎ የቆመ። ግራና ቀኙ ሁለት ትልልቅ ቮላኖ (ከባድ የሚሽከረከር የብረት ጎማ) አለው። የቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ጎን ላይ እንደ ቧንቧ መክፈቻ የምትዞር ትንሽ ጎማ አለች። ቀለሙ ቀይ ነው፤ በተላጠበት በኩል ግን ከሥር አረንጓዴ ይታያል። የስም ሰሌዳው ተነቅሏል፣ የሪቬት ቀዳዳዎቹ ብቻ ናቸው ያሉት። ቮላኖው ሁለት ሰው ሲገፋውም ንቅንቅ አይልም።

እማማ እንደምትለኝ እህሉን ጥቂት ጥቂት ሲያደርጉለት ሰላም ነበር። ገብሱን ሲያበዙበት ግን ጭሱ ይጠቁርና ያቃስት ነበር። ደግሞ አያቴ ያችን ትንሽ ጎማ ማንም እንዲነካት አይፈቅዱም ነበር። የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ብረት ተራ

ወንድሜ፣ ቻይና ነው የሚሆነው። ብረት ተወዷል፣ ሽጠውና ተገላገል። በዚህ የናፍጣ ዋጋ ማን ሊፈጭልህ ነው?

ጋሽ ሞተሬ (ደብረ ብርሃን)

ቻይና አይደለም። ለወፍጮ የሚመጣው የቻይና ሞተር አብዛኛው ሲሊንደሩ የተኛ ነው፤ ቮላኖውም አንድ ብቻ ነው። የልጁ ቆሟል፣ ሁለት ቮላኖ አለው፣ ጎን ላይ ጎማ አለችው። ሳያዩ ሽጥ ማለት ምን የሚሉት ምክር ነው?

መንዝዬው ልጄ፣ ሊስተር ሲ ኤስ ይመስለኛል። የእንግሊዝ ሥሪት ነው፣ ዳርስሌይ ከምትባል ከተማ። እ.ኤ.አ. ከ1930 አካባቢ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ሲሠሩት ኖረዋል። አረንጓዴው የራሱ ቀለም ሳይሆን አይቀርም፣ ቀዩን ኋላ የቀባው ሰው አለ። ግን አትቸኩል። ህንዶችም ራጅኮት ላይ ይህንኑ ሞተር ቁርጥ አስመስለው ይሠሩታል፤ ወደኛም አገር ገብቷል። ከሩቅ ሲያዩት አንድ ናቸው።

ስለዚህ ሰሌዳ ከሌለ ሞተሩን ራሱን ነው የምትጠይቀው። ሰው ሁሉ አሮጌ ሞተር ሲያገኝ መጀመሪያ የሚሮጠው ቀለም ሊገዛ ነው። ያናድደኛል። ማስረጃው ያለው እኮ ከቀለሙ ሥር ነው! ቀዩን በሽቦ ብሩሽና በናፍጣ ቀስ ብለህ ፋቅ። ካርተሩ (ዘይቱን የሚይዘው የታችኛው አካል) ጎን ያለው በር ላይ፣ ቮላኖው ላይ፣ የኮሎው (ቮላኖዎቹን የሚያዞረው ዘንግ) ጫፍ ላይ በደንብ እይ። አብሮ የቀለጠ ፊደልና የተመታ ቁጥር ፈልግ። በሩ ላይ ብቻ ያገኘኸውን ግን ሙሉ በሙሉ አትመን። በር በብሎን የሚፈታ ነገር ነው፣ ከአንዱ ሞተር ወደ ሌላው ይዞራል።

ከዚያ በሩን ክፈትና ዘይቱን አውጣ። ጣትህን ካርተሩ ማዕዘን ውስጥ ከተህ ዳብስ። የህንዶቹ ብዙዎቹ ሲቀልጡ የቀረ አሸዋ በውስጣቸው አለ። ያ አሸዋ ከዘይት ጋር ሲዞር ብሮንዚናውን (ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ልስልስ ብረት) ይበላዋል። ኮሎው የተቀመጠበት ኩሽኔታ ላይ የተጻፈ ካለም አንብብልኝ።

ቴስታታውን ማንሳትህ ስለማይቀር ስታነሳው የሲሊንደሩን አፍ በካሊፐር ለካ። 114.3 ሚሊ ሜትር ከመጣና የፒስተኑ ጉዞ 139.7 ከሆነ፣ አራት ተኩልና አምስት ተኩል ኢንች ማለት ነው፣ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ባለ 5 ፈረስ ጉልበት በደቂቃ 600 ዙር፣ ባለ 6 በ650፣ ወይም ባለ 8 በ850። ሲሊንደሩ የሦስቱም ያው ነው፣ የሚለያቸው በዋናነት ፍጥነቱ ነው። ሌላ ልኬት ከመጣ እንደገና እናወራለን። መፍቻህ ደግሞ የዊትዎርዝ ይሁን። የእንግሊዙ ብሎን ዊትዎርዝ የሚባል የኢንች ልክ ነው፤ በሚሊ ሜትር መፍቻ ከታገልከው ጭንቅላቱን ታሞልጨዋለህ።

አሁን ወደ ትንሿ ጎማ። ቴስታታው ውስጥ አንዲት ተጨማሪ ክፍል አለች። ጎማዋን ስታጠብቃት ክፍሏ ትዘጋለች፣ አየሩ ጠበብ ባለ ቦታ ይታመቃል፣ ሞተሩም በብርድ ይነሳል። ስትከፍታት መታመቁ ይቀንሳል፣ ከባድ ሥራ ላይ ሞተሩ ይለዝባል። ይህ ግን ለቆላ የታሰበ ነው። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሲሶ ያህል የሳሳ ነው። እዚያ ከፍተህ ብታሠራው የሳሳውን አየር መታመቅ መልሰህ መቀነስ ነው። አያትህ ማንም እንዳይነካት ያሉት ሞተሩን ስለሚያውቁት ነው።

የእማማ ጥቁር ጭስም ከዚሁ ነው። ናፍጣው ይገባል፣ የሚያቃጥለው አየር ግን አያንስም ወይ? ያልተቃጠለው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ባለ 6 ፈረስ ጉልበት እናንተ ዘንድ ሲወጣ በአራት ነው የሚሠራው። ገብስ ሲያበዙበት ማቃሰቱ አይገርምም።

የተጣበቀውን ፒስተን በተመለከተ፣ ቮላኖውን በመኪና ላስጎትት እንዳትል። ናፍጣና ዘይት ቀላቅለህ በላዩ አፍስስና ተወው። ሲጎድል ጨምርለት። አልፎ አልፎ እንጨት አስደግፈህ በመዶሻ ነካ ነካ አድርገው፣ ብረት በብረት ግን አይሆንም። ያየኸውን ጻፍልኝ።

መንዝዬው

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ብዙ ነገር ወጣ።

በሩ ላይ ቀዩን ስፍቅ «ሊስተር» የሚል አብሮ የቀለጠ ጽሑፍ አለ፣ ከሥሩ «ዳርስሌይ»። እርስዎ አትመን ስላሉኝ ውስጡንም አየሁ። ጭቃ የመሰለ ጥቁር ዘይት ሞልቶታል፣ አሸዋ ግን የለም። ካጠብኩት በኋላ ግድግዳው ልስልስ ነው። የኮሎው ጫፍ ላይ ቁጥር ተመትቷል፣ የመጨረሻዎቹ በዝገት ተበልተዋል። ኩሽኔታው ላይ የተጻፈውን ገና አላየሁም፣ እዚያ ለመድረስ ቮላኖው መውጣት አለበት።

የሲሊንደሩ አፍ 114 ከምናምን ነው፣ ካሊፐሬ ርካሽ ነው። ፒስተኑ መሐል ላይ ቆሟል፣ ዘይቱን አፍስሼበታለሁ።

አንድ ያስደነገጠኝ ነገር አለ። ሲሊንደሩ ከውጭ፣ ከታች በኩል፣ አንድ ስንዝር የምታህል ቀጭን የዝገት መስመር አለች። በጥፍሬ ስነካት ትይዛለች። ስንጥቅ ነው እንዴ? የአጎቴ ልጅ አይቶ «በቃ፣ ቆራሌው ይምጣ» አለ።

ወንዴ ከመርካቶ

ስንጥቅ ከሆነ ብየዳ ቤት ውሰደው፣ በአንድ ቀን ይዘጉልሃል። ዕቃውን አታስብ። ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ጓርኒሲዮን (የቴስታታ ማሸጊያ)፣ ቫልቮላ የህንዱ ብዙ ጊዜ ይገጥማል። ምን አለሽ ተራ ብትዞር አሮጌ ቴስታታም አይጠፋም።

ጋሽ ሞተሬ (ደብረ ብርሃን)

ወንዴ፣ በዕቃው እስማማለሁ። ብቻ የህንዱን ፋሻ ሳትለካ አትግጠም። በብየዳው ግን አልስማማም። ያ ብረት ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የተፈሰሰ ብረት) ነው። እንደ ላሜራ ቀዝቃዛውን ብትበይደው ብየዳው ሲቀዘቅዝ ከጎኑ ሌላ ስንጥቅ ይወጣል። ጊዛ የሚበይድ ሰው አስቀድሞ ሙሉውን በእኩል ያሞቀዋል፣ በኒኬል ዘንግ ይበይደዋል፣ ከዚያ አመድ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ ያቀዘቅዘዋል። እንዲህ የሚሠራ ካላገኘህ አታስነካው።

መንዝዬው፣ አትደንግጥ። ውርጭ ነው የሰነጠቀው። ጥቅምትና ኅዳር ውሃ ሳይወጣለት አድሮ በረዶ ሠርቶበታል። እኛም ጋ እንዲሁ ያደርጋል። ዋናው ጥያቄ ስንጥቁ የት ድረስ ገባ የሚለው ነው። የተሰነጠቀው የውጪው ግድግዳ ብቻ ከሆነ እሱ የያዘው የማቀዝቀዣውን ውሃ ብቻ ነው። የዚህ ሞተር ውሃ ሲሞቅ በራሱ ወደ በርሜሉ ይወጣል፣ ሲበርድ ይመለሳል፤ ፖምፓ የሚገፋው ካልሆነ ግፊቱ ትንሽ ነው። እንዲህ ያለውን በብረት ማጣበቂያ መዝጋት ይቻላል። ሁለቱ ጫፎች ላይ ግን መጀመሪያ ትንሽ ቀዳዳ ብሳ፣ አለዚያ ስንጥቁ ይቀጥላል።

ለማወቅ ፒስተኑ ይውጣ። በበሩ በኩል የቢየላውን (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘውን ክንድ) ብሎኖች ፈትተህ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። የውሃውን ቀዳዳዎች ዝጋ፣ ውሃ ሙላ፣ የሲሊንደሩን ውስጥ በደረቅ ጨርቅ ጠርገህ አሳድረው። ጠዋት ውስጡ ደረቅ ከሆነ ሞተርህ ደህና ነው። ውስጡ ካላበ ሲሊንደሩ መቀየር አለበት፣ እሱ ከካርተሩ ለብቻው የሚነሳ ስለሆነ ሙሉው አይጣልም። ውሃውን ጠዋት አውጣው ታዲያ፣ ደግመህ እንዳታስውረጨው።

ቁጥሩን በኖራ ቀባና በጥቁር እርሳስ አሽበት፣ የተበላውም ምናልባት ይነበብ ይሆናል። ለአጎትህ ልጅ በሩን አሳየው፣ ምናልባት ዝም ይል ይሆናል።

ኢንጀክተሩን ስትፈትሽ ደግሞ ከቴስታታው አውጥተህ ከቧንቧው ጋር አስረው፣ ፖምፓውን በእጅ ምታ። እየጮኸ ጉም ካወጣ ጥሩ ነው። ጅረት ካወጣ ጫፉ ጥገና ያስፈልገዋል። እጅህን ግን ከፊቱ አታድርግ፣ ያ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ሐኪም ቤት ያስኬዳል።

ቴስታታውን ለእኔ የምትልከው ከሆነ በመሐል ሜዳ አውቶቡስ ላከው። ቫልቮላዎቹን አታቀላቅላቸው፣ የሚያስገባውንና የሚያስወጣውን ምልክት አድርግባቸው። አሮጌውን ጓርኒሲዮንም አብረህ ላክ፣ ውፍረቱን እለካዋለሁ።

መንዝዬው

ሐሙስ እልካለሁ። የአጎቴ ልጅ በሩን አየና «ስንት ይሸጣል?» አለ።

ብረት ተራ

ፎቶ ላክ እስቲ። ቴስታታውን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን።