ባለ ሁለት ገንዳውን ማጠቢያ ማሽን የምታስታውሱ፣ እስቲ አንድ ጥያቄ

የእናቴ አሮጌ ከፊል አውቶማቲክ ማሽን እኔ ጋ ነው። ማጠቢያው ደህና ይሠራል። መጭመቂያው ግን ገና ሲነሳ ማሽኑን በሙሉ ያንገጫግጨዋል፤ ከቦታው ይራመዳል ማለት ይቻላል። ልጥለው ልቤ እምቢ አለኝ። እናንተ ቤት እንዴት ነበር የምትጠቀሙበት?

መልስ፦
እባክሽ እንዳትጥዪው! እኛ ያደግነው በእሱ ነው። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፦ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ቆም ይላል፣ ወደ ግራ ይመለሳል። ልብሱ እርስ በርሱ እንዳይጠማዘዝ ነው። የማጠቢያው ሰዓት እስከ 15 ደቂቃ፣ የመጭመቂያው እስከ 5 ነበር። ሲያልቅ ቂው ይላል፤ ማን ቀድሞ ይድረስ እያልን እንሮጣለን።

መንገጫገጩ አብዛኛውን ጊዜ ከአጫጫኑ ነው። ልብሱ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ የመጭመቂያው በርሜል ይማታል። እርጥቡን ልብስ ጥቂት ጥቂት እያልሽ ዙሪያውን እኩል ደልድዪው። በእጅሽ ወደ ታች ተጫኚው። ከዚያ ክብ የፕላስቲክ መክደኛዋን ከልብሱ በላይ አድርጊ። ትልቅ ፎጣ ብቻውን አታስገቢ።

እኔ በጣም የምወድለት ውሃ አጠቃቀሙን ነው። እናቴ ነጩን ታስቀድማለች። በዚያው የሳሙና ውሃ ቀለም ያለውን፣ መጨረሻ ላይ የሥራ ልብስና ካልሲ። መቼ እንደሚበቃ የምትወስነው እሷ ነበረች፤ ውሃውን አይታ። ጎማውን ከመንጠቆው አውርዶ ውሃውን መልቀቅ የኔ ሥራ ነበር፣ ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም ነበር።

ሌላ መልስ፦
በአጫጫኑ እስማማለሁ። እግሮቹም ወለሉ ላይ እኩል መቆማቸውን እዪ። ደግሞ ክዳኑን ስትከፍቺ በርሜሉ ቶሎ መቆም አለበት። ካልቆመ ፍሬኑ ላልቷል ማለት ነው። እስኪቆም እጅሽን በፍጹም እንዳታስገቢ፤ የሚዞር ልብስ ጣት ይዞ ይጎትታል። ለባለሙያ ከማሳየትሽ በፊት ሶኬቱን ንቀዪ።

ጠያቂዋ፦
ፎጣውን ከአንሶላ ጋር ደልድዬ ሞከርኩት። መጀመሪያ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ፍጥነቱን ሲይዝ ጸጥ አለ! ፍሬኑም ወዲያው ይይዛል። ማለቅለቁስ? ውሃ ይበላብኛል።

መልስ፦
ሳታለቀልቂ በፊት አንዴ ጨምቂው። ሳሙናው ቀድሞ ስለሚወጣ ብዙ ውሃ አይፈጅብሽም። ከመጭመቂያው የሚወጣውን የሳሙና ውሃም አትድፊው፤ ጎማውን ባልዲ ውስጥ አድርጊና ለቀጣዩ ልብስ መልሺው።