ወንድ ተዋናይ ሴት ሆኖ ሲጫወት ዳሌው፣ ወገቡና ትከሻው እንዴት ይስተካከላል?

ጮቄ፦
ጤና ይስጥልን የመድረክ ሰዎች። ደብረ ማርቆስ ላይ ለምናሳየው የ50 ደቂቃ ድራማ የገበሬ ባለቤት የሆነችውን፣ ዕድሜዋ ወደ 35 የሚጠጋ ሴት የሚጫወተው ወንድ ልጅ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ72፣ ደረቱ 92፣ ወገቡ 78፣ ዳሌው 90 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀጭን ነው፤ ትከሻው ግን ሰፊ ነው። የሚለብሰው ነጭ የሐበሻ ቀሚስ፣ መቀነትና ነጠላ ነው።

ያስቸገረን ሦስት ነገር ነው። ዳሌው ላይ ጨርቅ ጠቅልለን ስናስርለት ኪሱ ውስጥ ዕቃ የያዘ ይመስላል፤ ሲራመድም እየተንሸራተተ ጉልበቱ ጋ ይደርሳል። መቀነቱን ባጠበቅነው ቁጥር ወገቡ እንደመቅጠን ይወፍራል። ደረቱ ላይ ጥጥ ብንሞላም እጁን ሲያነሳ ሁሉም ወደ አገጩ ይወጣል። ሁለተኛው ትዕይንት ላይ እስክስታ አለ፣ ሦስተኛው ላይ ተቀምጦ ቡና ያፈላል።

በስፖንጅ መሥራት ይሻላል ሲባል ሰምተናል። ውፍረቱ ስንት ይሁን? ከየት ይጀምራል? በምን ይያዛል? ተመልካች እንዲስቅባት አንፈልግም፤ ሴትዮዋ የተከበረች የቤት እመቤት ናት።

መርፌና ክር፦
መጀመሪያ ስለ ቦታው ልናገር፤ ስህተቱ ያለው እዚያ ነው። ብዙ ሰው «ዳሌ» ሲባል እጁን የሚያሳርፈው ከወገብ ሥር ባለው የጎን አጥንት ላይ ነው። ስፖንጁ እዚያ ከተቀመጠ ያው ኪስ ውስጥ የተወሸቀ ዕቃ ይመስላል። የሴት ዳሌ ሰፊው ቦታ ከዚያ ዝቅ ይላል፤ ከወገብ ወደ አንድ ስንዝር ወርዶ፣ ጭን ከዳሌ በሚጋጠምበት ቦታ ነው።

ቦታውን በግምት አትያዙት። ተዋናዩ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ መዳፉን ጭኑ ጎን ላይ ያድርግ፣ ከዚያ የእግሩን ጣቶች ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያዙር። ከመዳፉ ሥር የሚሽከረከር አጥንት ይሰማዋል። ስፖንጁ ከሁሉም በላይ መወፈር ያለበት እዚያ አጥንት ላይ ነው። በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት።

ለእሱ ቁመት እያንዳንዱ ስፖንጅ ቁመቱ 38፣ ስፋቱ 24 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን። ከወገብ 8 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይጀምር፣ ታፋው መሐል ላይ ይለቅ። ከጎን ተነሥቶ ወደ ኋላ መቀመጫውን እስከ መሐል ይሸፍን፤ የጭኑ ፊት ግን ባዶ ይሁን። ፊት ለፊት የተሞላ ጭን ሴት አያስመስልም፣ ያወፍራል እንጂ።

ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ታይት ሲያርፍበት ተጨምቆ ወደ 3 ይወርዳል። ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት፣ ከኋላም ሦስት ሲጨመር የ90ው ዳሌ ወደ 104 ይደርሳል። ወገቡን 80 ላይ ካቆያችሁት ዳሌው የሚያስፈልገውን ስፋት አገኘ ማለት ነው። ከዚያ በላይ አትጨምሩ። መሳቂያ የሚያደርገው ትርፉ ነው።

አሁን አቆራረጡ። የፍራሽ ስፖንጅ ግዙ፤ ስትጫኑት ቶሎ የሚመለሰውን ምረጡ፣ ጣት ሲነካው ተደፍቶ የሚቀረውን ተዉት። ቅርጹን እንደ እንቁላል ሣሉት፣ ሰፊው ወገን ወደ ላይ። በስለታም የዳቦ ቢላ ሳትጫኑ እየገዘገዛችሁ ቁረጡ፤ ከተጫናችሁት ስፖንጁ ይታጠፍና ጠርዙ ይዘምማል። ዋናው ሥራ ዳሩ ነው። የመጨረሻዎቹ 6 ሴንቲ ሜትሮች ከ4 ጀምረው እየሳሱ ወደ ዜሮ መውረድ አለባቸው። መቀሱን አጋድማችሁ በትንሽ በትንሹ ላጩት። ሲያልቅ ስስ ነጠላ አልብሱትና በጨለማ ክፍል የስልክ መብራት ከጎን አብሩበት። እንደ ደረጃ የተቆረጠ ጥላ ካያችሁ ዳሩ ገና አልሳሳም። መድረክ ላይ መብራቱ ሲወድቅበት የሚያጋልጣችሁ ያ ጥላ ነው።

ጠርዙን በማስቲሽ አታጣብቁ፤ ሲደርቅ ጠጥሮ መስመር ያወጣል። በአቡጀዲ ሸፍናችሁ ስፉት።

የሚንሸራተተው በክር ስለታሰረ ነው። እንዲህ ይልበስ፦ ከሥር አጭር የብስክሌት ቁምጣ፣ ስፖንጁ እሱ ላይ ተሰፍቶ፣ ከላዩ ሙሉ ታይት፣ ከዚያ ከልኩ አንድ ቁጥር ያነሰ ሌላ ታይት። ቁምጣው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ እያለ ስፖንጁን አትስፉበት። ሲለበስ ጨርቁ ስለሚለጠጥ ስፖንጁ ወደ ኋላ ይሸሻል። ለብሶት ሳለ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ በተጠቀለለ ብርድ ልብስ ላይ ወጥራችሁ ሰፋ ሰፋ ባለ ስፌት ያዙት። ስፌቱ ከጠበቀ ቁምጣው ሲለጠጥ ክሩ ይበጠሳል። ብልቱን በተመለከተ ጠበቅ ያለው ቁምጣ ብቻውን ይበቃል፤ ቀሚሱ ሰፊ ነው፣ ሌላ ነገር አያስፈልግም።

አባይ ማዶ፦
መርፌና ክር ስለ ዳሌው የጻፈችው ልክ ነው። እኔ በመቀነቱ ልቀጥል፤ የወገቡ ችግር ያለው እዚያ ነው።

መቀነት ሲጠብቅ ያቀጥናል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው፤ ግን ሒሳቡን አስሉት። ጨርቁ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ አራት እጥፍ ሆኖ አራት ጊዜ ሲዞር 16 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በወገብ ዙሪያ ሲለካ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨመረ ማለት ነው! 78ቱ 88 ሆነ። ባጠበቃችሁ ቁጥር መዞሪያ ስለሚተርፋችሁ ሌላ ዙር ትጨምራላችሁ፣ እንደገና ይወፍራል። መድኃኒቱ ለመድረክ አጭር መቀነት ማዘጋጀት ነው። ሁለት እጥፍ፣ ሁለት ዙር፣ ስፋቱ ከ8 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ። ይህ የሚጨምረው ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ 80ው ላይ የሚያቆማችሁም እሱ ነው። መቀነቱ ረጅም እንዲመስል ከፈለጋችሁ ጫፉን ብቻ ጎኑ ላይ ወደ ታች ልቀቁት። የተንጠለጠለው ጫፍ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ሽንጡን ያስረዝመዋል።

የሚታሰረው ከእምብርት 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ወንድ ቀበቶ የሚያስርበት ቦታ ላይ ካረፈ ግንዱ ይረዝማል፣ እግሩ ያጥራል፤ ስፖንጁም ዋጋ ያጣል።

የቀሚሱን ጎን ከብብት እስከ መቀነቱ ድረስ በልል ስፌት አጥብቡት፤ ድራማው ሲያልቅ ይፈታል። ከመቀነቱ በታች ያለው ግን ሰፊ ይሁን። ሸማ ስስ መሆኑን አትርሱ። ከኋላ መብራት ካለ የእግሩ ቅርጽና የታይቱ ጠርዝ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ከውስጥ ነጭ የአቡጀዲ ጉርድ ይደረግ።

ትከሻውን ለማጥበብ የእጅጌው ስፌት ከትከሻው ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ። ጥበቡ ከአንገት እስከ እግር በመሐል ቁልቁል የሚወርድ ቀሚስ ፈልጉ። ትከሻ ላይ አግድም የሚያልፍ ጥበብ ያሰፋዋል። ነጠላውም እንዲሁ ነው፤ ጥለቱ ከአንድ ትከሻ ቁልቁል እንዲወርድ አድርጉት። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ ጉሮሮ ለመሸፈን ብላችሁ ጥለቱን ወደ አንገት ካወጣችሁት የሐዘን አለባበስ ይሆናል። ጎጃም ውስጥ ያለ ተመልካች ይህን በአንድ እይታ ያውቃል፤ ሴትዮዋ ማን ሞቶባት ነው እያለ ድራማውን ይስታል።

የመጋረጃ ጀርባ፦
ጥጥ ክብደት ስለሌለው ክንድ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ክብደት ያለው ነገር ያስፈልጋችኋል፤ እህል ደግሞ በእጃችሁ ነው። ጤፍ አይሁን፤ በስቶኪንጉ ቀዳዳ እየሾለከ መድረኩ ላይ ይንጠባጠባል። ዳጉሳ ተመራጭ ነው። ለእያንዳንዱ ጡት 350 ግራም ያህል ድርብ በሆነ ስቶኪንግ ውስጥ አስገቡ፣ ከላዩ ላይ ሌላ የአቡጀዲ ከረጢት አልብሱት። ከረጢቱን አትሙሉት፤ አንድ አምስተኛው ባዶ ይሁን። ጢም ብሎ ሲሞላ ኳስ ይሆናል፣ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ግን ዳጉሳው ወደ ታች ይሰክንና ላዩ ሳሳ ይላል። የምትፈልጉት እሱን ነው።

ከገላው በሚገናኝበት በኩል የጥጥ ንጣፍ ይደረግ፣ ላቡን ይይዛል። ከረጢቱ ከጡት መያዣው ጋር በጥቂት ቦታ ይሰፋ። የወንድ ደረት ዙሪያ ሰፊ ስለሆነ የጡት መያዣው መቆለፊያ ላይደርስ ይችላል፤ ከኋላ ላስቲክ ጨምሩለት እንጂ በግድ አትሳቡት።

ቦታውን ለማግኘት ከትከሻ ጫፍ እስከ ክርን ለኩ፣ ግማሹ ላይ አቁሙ። የጡቱ ጫፍ በዚያ ከፍታ ላይ ይሁን። የወንድ የጡት ጫፍ ከዚያ ከፍ ስለሚል በእሱ ላይ ካስቀመጣችሁት አገጭ ሥር ይሰቀላል።

ለእስክስታው 350 ከባድ ሊሆን ይችላል። ትከሻው ሲርገፈገፍ ዳጉሳው ዘግይቶ ስለሚከተል ሁለቱ አይገጥሙም። 250 ግራም አድርጉና የቀረውን በጥጥ ሙሉት፤ የጡት መያዣው ማንገቻ ከጀርባ መስቀለኛ እንዲሆን በመርፌ ቁልፍ ያዙት።

ጮቄ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተምረናል። ሁለት ነገር ልጨምር። ቡናው ላይ በርጩማ ላይ ሲቀመጥ የኋላው ስፖንጅ ይገፋውና ቀሚሱ ከፊት ይነሳል። ሁለተኛ፣ ሁሉንም ሲለብስ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ረዘም ያለ ንግግር ላይ ድምፁ ይቆራረጣል።

መርፌና ክር፦
ለመቀመጡ፣ መቀመጫው ሥር የሚገባውን የስፖንጁን ክፍል እንደገና አሳሱት፤ ከ4 ወደ 2 ይውረድ። ከጎን የሚታየው ውፍረት አይነካም። በርጩማው ጫፍ ላይ ይቀመጥ፣ ሁለቱን ጉልበቶች ገጥሞ ትንሽ ወደ ጎን ያዘንብል። ቀሚሱ ከመቀመጡ በፊት በመዳፍ ከኋላ ወደ ታች ይጎተት፤ ማንኛዋም ሴት የምታደርገው ነው፣ ለተመልካችም እውነት ይመስላል።

ትንፋሹ ላይ ቸል አትበሉ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ እስክስታ ወርዶ ወዲያው የሚናገር ሰው ሳንባው ሙሉ መስፋፋት አለበት። መቀነቱ የሚታሰረው አየር ወደ ውስጥ ስቦ ሆዱን ነፍቶ ሳለ ነው። ከታሰረ በኋላ ሁለት ጣት መግባት አለበት። ከዚያ ረጅሙን ንግግር ጮክ ብሎ ይበለው፤ መሐል ላይ ከተቆረጠ ይላላ። የጎድን አጥንትን በፕላስተር ወይም በላስቲክ ፋሻ ማጥበቅ ፈጽሞ አይሞከር። ራሱን ካዞረው ወይም እጅ እግሩ ከደነዘዘ ወዲያው ይፈታ። የወገቡ ቅጥነት የሚመጣው ከዳሌው ስፋት ነው፤ ከማነቅ አይደለም።

ዳሞት፦
ልብሱ ተሟልቷል፤ እኔ ስለ አንገትና አቋቋም ልበል።

ጉሮሮው ላይ ያለውን እብጠት ለመሸፈን ማርዳ ወይም ድሪ ይበቃል። የገጠር ሴት ስለሆነች ንቅሳትም ይሄድላታል። በሰማያዊና በአረንጓዴ የዓይን እርሳስ አንገቱ ላይ ቀጫጭን ክብ መስመሮች ሥሩ፣ ከዚያ በጣት ትንሽ አደብዝዙት፤ የቆየ ንቅሳት ጠርዙ ስል አይደለም። የተመልካች ዓይን መስመሮቹን ስለሚከተል እብጠቱ ላይ አያርፍም። ሻሹ ከግንባር ከፍ ብሎ ይታሰር። ጆሮ አካባቢ ፀጉር ካለ ቀድሞ ይላጭ።

አቋቋሙን ካቡኪ ከሚባለው የጃፓን ባህላዊ ቲያትር መውሰድ ትችላላችሁ። እዚያ ከ1629 ጀምሮ ሴቶች ከመድረክ ስለታገዱ የሴት ሚና የሚጫወቱ ኦናጋታ የሚባሉ ወንዶች ሙያውን አሳደጉት። የትከሻ አጥንታቸውን ከኋላ አቀራርበው ወደ ታች ይለቁታል፤ ትከሻው ይጠባል፣ አንገት ይረዝማል። ጉልበታቸውን ገጥመው ትንሽ እጥፍ ያደርጋሉ። ልጁ ይህን በየቀኑ 10 ደቂቃ ቢለማመድ ከማንኛውም ስፖንጅ ይበልጣል። በእኛም አገር በመጀመሪያዎቹ የቲያትር ዘመናት የሴት ሚና የሚይዙት ወንዶች ነበሩና ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ክርኑን ከጎኑ አያርቀው። ጀበናውን ሲያነሳ ከክርን እንጂ ከትከሻ አይጀምር። ሰፊ ትከሻን የሚያሳብቀው ከልብሱ ይልቅ ክንድ ሲከፈት ነው።

መርፌና ክር፦
አንድ ነገር ረስቼ። ስፖንጁ ላብ ይጠጣል። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ሽፋኑን አውልቃችሁ እጠቡ፣ ስፖንጁን ሳታጣምሙ በፎጣ ጨምቁትና ጥላ ላይ አንጠልጥሉት። ክረምት ላይ በአንድ ቀን አይደርቅም፤ ስለዚህ ሁለት ጥንድ ይኑራችሁ። የዳጉሳውን ከረጢት ግን ውኃ አታስነኩት፣ ይበቅላል። ስፌቱን ፍቱና እህሉን አውጡ፣ ጨርቁን ብቻ እጠቡ።